አባ ብልጭታ ተራራውን «አገጭ ዝቅ» ያሉበት ዘመቻ

በዘመነ ነጭ ጀርባ፣ ይኸውም የመታወቂያ ጽሕፈት ቤቱ «ጀርባው ንጹሕ ነጭ ያልሆነ ፎቶ አንቀበልም» ብሎ በሩ ላይ በለጠፈ በሁለተኛው ዓመት፣ የማዶው ፎቶ ቤት በተከፈተ በመጀመሪያው፣ ክረምቱም በበረዶ በገባ ጊዜ፣ ሞዓ ጨለማ፣ ሥዩመ ሌንስ፣ ንጉሠ ጉርድ ወሙሉ፣ የሰፈሩን ትከሻ ሁሉ ያቀኑ፣ ሕፃን ሳያለቅስ ሽማግሌም ሳይጨፍን በአንድ ብልጭታ የሚይዙ ጌታችን አባ ብልጭታ ወደ በረዶው ተራራ ዘመቱ። የዘመቱበትም ምክንያት ከዚህ በታች ተጽፏል፤ ያየ ይመስክር፣ ያላየም ያየው ሰው የነገረውን ይመን።

የጌታችን አዳራሽ ከፀጉር ቤቱ ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። በመግቢያዋ መስተዋት፣ ከመስተዋቱም ሥር ማንም በኪሱ ይዞት እንዳይሄድ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ አለ። በምስማር ላይ ልብሰ መንግሥቱ ተሰቅሏል፤ እርሱም ከረባቱ ከነቋጠሮው የተሰፋበት ጥቁር ኮት ሲሆን፣ ለቀጭኑም ለወፍራሙም እንዲበቃ ከኋላው ከአንገት እስከ ወገብ ተተርትሮ በሁለት የልብስ መቆንጠጫ ይያዛል። በዚህ ኮት ያልተነሣ የሰፈር ሰው የለም፤ ሥራ ያገኘውም እርሱን ለብሶ ተነሥቶ ነው፣ ያላገኘውም እርሱን ለብሶ ተነሥቶ ነው። ከፊት ሲያዩት ሚኒስትር ያስመስላል። ከኋላ ምን እንደሚያስመስል ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

በአዳራሹም ግድግዳ ላይ ጌታችን ፎቶ ቤቱን በከፈቱ ጊዜ አንድ የማስታወቂያ ሰዓሊ የሣለው ሸራ ተዘርግቶ ይኖር ነበር። ተራራው ሰማያዊ፣ ሐይቁ ከተራራው የባሰ ሰማያዊ፣ በሐይቁም ላይ አንዲት ነጭ ዳክዬ ነበረች፤ የሰፈሩም ልጆች ተራ ሲጠብቁ እየደባበሷት አንገቷ ተላጠ። እንዲህም ሆኖ ሙሽራ ሁሉ ከፊቷ ይቆም ነበር፣ ሌላ የሚቆምበት ስላልነበረው። ነገር ግን የማዶው ሰው መጣ። ይህ ሰው የበረዶ ተራራ ከኢንተርኔት አውርዶ፣ በትልቅ ፕላስቲክ አሳትሞ፣ መብራት አድርጎለት ሰቀለ። ሙሽሮቹም ቬሏቸውን ሰብስበው መንገዱን ተሻገሩ። ለጌታችን የቀረላቸው የመታወቂያው ጉርድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም ቢሆን ግድግዳቸው ነጭ ነኝ እያለ ሲነሣ ግራጫ እየወጣ ከጽሕፈት ቤቱ ይመለስባቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ጌታችን በትዕግሥት ተሸከሙት። ወር በማይሞላ ጊዜ ሰርጓ የሚደርሰው አንዲት ልጃቸው ግን አንድ ቀን እራት ሲበላ እንዲህ ስትል ዐዋጅ አስነገረች፤ «አባዬ፣ ቁርጡን ልንገርህ። እኔ አንገቷ በተላጠ ዳክዬ ፊት ቬሎ ለብሼ አልቆምም። እስከ ሰርጌ ደህና ተራራ ከሰቀልክ እሰየው። ካልሰቀልክ እንደ ሰው ልጅ መንገዱን ተሻግሬ ማዶ እነሣለሁ። ያኔ ደግሞ አታኩርፍ።»

ጌታችን እንጀራውን ትተው ነገሩን መዘኑ። ደንበኛ ቢሄድ ደንበኛ ይተካል። የፎቶ አንሺ ልጅ የሰርግ ፎቶዋን ማዶ ተነሣች ከተባለ ግን መስተዋቱን አውርዶ፣ ማበጠሪያውን ፈትቶ፣ ቁልፉን ለአከራይ ከማስረከብ በቀር የሚተርፍ ነገር የለም። ይህንን እርሳቸውም ያውቃሉ፣ የማዶውም ሰው ያውቃል፣ ዐዋጁን በግድግዳ በኩል የሰማው ፀጉር አስተካካይም ያውቃል።

ባለቤታቸው እመ ቤት ነገሩን ሊያቀሉት ፈልገው እርሳቸውም እንደ ማዶው ከኢንተርኔት አንድ ተራራ ቢያወርዱ ምን አለበት ሲሉ ምክር ሰጡ። ጌታችን ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ ሲሉ አወጁ፤ «እኔ የሰው ተራራ አልሰርቅም። የማዶው ሰው ያወረደው ተራራ የት አገር እንዳለ እንኳ አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው እየመጣልኝ አንሥቻለሁ፤ ለአንድ ተራራ እኔ ብሄድለት ክብሬ አይጎድልም።»

ወእምዝ ነጋሪት አስጎሰሙ። ነጋሪታቸውም የፀጉር አስተካካዩ ምላስ ነው፤ እርሱም ወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሁሉ፣ ምላጩን ከጉሮሮው ሳያነሣ፣ የጌታችንን ቃል እንዲህ ሲል አሰማ፤ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። እሑድ ፎቶ ቤት ዝግ ነው። ጉርድ ፈልገህ የመጣህ ሰኞ ተመለስ። እኔ ተራራ ላነሣ ወጥቻለሁ። በዚህ መሀል ወደ ማዶ የተሻገርክ እንደሆነ አስተካካዩ ያይሃል።»

ከጌታችን ጋር የዘመቱት እኒህ ናቸው። የእመ ቤት ታናሽ ወንድም፣ ባለ ቫኑ፣ ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ለየሱቁ የሚያደርስና እሑድ እንዲተኛ በእናቱ ስም የለመነ፣ ልመናውም ያልተሰማለት። ነጩን የብርሃን ጃንጥላ እንዲሸከም የተሾመው ፀጉር አስተካካይ፣ እርሱም የመጣው ኋላ የሚያወራው እንዳያጣ ነው። እመ ቤት ደግሞ ሻይ በቴርሞስ፣ የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል፣ ወፍራም ካፖርትም በክንዳቸው ይዘው ወጡ፤ ካፖርቱ ለጌታችን ነበር፣ ጌታችን ግን ተራራ ፊት በካፖርት አይቀረብም ብለው ከረባት የተሰፋበትን ልብሰ መንግሥት ለበሱ። በመጨረሻም ልጃቸው፣ ቃሏ እንዳይታጠፍ በዓይኗ ልታይ፣ ስካርፏን እስከ አፍንጫዋ ጠምጥማ ገባች። ከሰዎቹም ሌላ የምትሽከረከረው የጉርድ ወንበር ተጫነች፤ ለምን እንደተጫነች የጠየቀ አልነበረም። የዳክዬዋም ሸራ ተጠቅልሎ እንደ ምርኮኛ በቫኑ ወለል ላይ ተጋደመ፤ የሚተካውን በዓይኑ ይይ ተብሎ ነው።

ስለ ካሜራውም ሊነገር ይገባል። ጌታችን ያን ካሜራ የገዙ ዕለት ለአዳራሻቸው ደብዛዛ ብርሃን እንዲስማማ አስተካክለው፣ ቁልፎቹን ሁሉ ማንም እንዳይነካካቸው በፕላስተር አሸጉ፤ ማኅተሙም እስከዚያ ቀን አልተፈታም ነበር። ሕጋቸውም አንድ ሰው አንድ ብልጭታ የሚል ነው። ካነሡ በኋላ የካሜራውን መስኮት አያዩም፤ የተነሣውን መልሶ ማየት የተጠራጣሪ ሥራ ነው ብለው ያምናሉና።

የዘመቻውም ጉዞ የተጀመረው ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው፣ ፎቶ ቤት የሚከፈተው በዚያ ሰዓት ስለሆነ። ቫኑ ከከተማ ወጥቶ ሸለቆውን ተከትሎ ሄደ። የወንዙ ዳርና ዳር በበረዶ ረግቶ መሐሉ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይፈስስ ነበር፤ ዛፎቹም ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ቆመዋል። ባለ ቫኑ ይህን አይቶ ዳቦ ቤቱ ትዝ አለውና ተከዘ። አቀበቱ መሐል ላይ ሲደርሱ ቫኑ ተንተፋትፎ ቆመ፤ ባለ ቫኑም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አወጀ፤ «ጋሼ፣ ይሄ መኪና ዳቦ እንጂ ዘመቻ አልለመደም። ሁሉም ወርዶ ይግፋ። ካሜራ የያዘም ካለ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይግፋ።» ነፋስ ስለነበረ የዐዋጁ ሁለተኛ ክፍል ከጌታችን ጆሮ አልደረሰም። ሌሎቹ ገፉ። ጌታችን ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገዱን አሳዩ፣ መንገዱም አንድ ብቻ ነበር።

ከአፋፉ ሲደርሱ በዚያ ሌላ ሠራዊት ሰፍሮ አገኙ። እኒህም የረጃጅም አፈሙዝ ነገድ ናቸው፤ ሌንሳቸው ክንድ ያህላል፣ ጃኬታቸው ውኃ አያስገባም፣ ጎሕ ሳይቀድ መጥተው የፀሐይ መውጫን ያነሣሉ፣ ከዚያም ስለ ደመና በዝቅተኛ ድምፅ ይነጋገራሉ። ጌታችን በደረሱ ጊዜ እነርሱ ሥራቸውን ጨርሰው ዕቃቸውን ይከቱ ነበር። የነገዱ ሽማግሌ የተሰፋውን ከረባት አየ፣ የምትሽከረከረውን ወንበር አየ፣ አዘነላቸውና ይህን አስታወቀ፤ «አባቴ፣ ጥሩው ብርሃን አልቋል። ለነገ ሳይነጋ ይምጡ።» ጌታችንም ከካሜራው አናት ላይ ብልጭታውን መታ መታ አድርገው መለሱለት፤ «ብርሃኑን ይዤ ነው የመጣሁት።» የነገዱ ሰዎች ፈቀቅ ብለው መንገዱን ለቀቁላቸው። ከአክብሮት ነው ተብሎ ተመዝግቧል።

እነርሱም ሲወርዱ ጭጋግ ወጣ። ከሸለቆው ተነሥቶ ጥዱን ዋጠ፣ አፋፉን ዋጠ፣ ተራራውን ከነግርማው ዋጠ፤ ጌታችንም ካሜራቸውን በሦስት እግሩ አቁመው፣ ወንበሪቱን ከኋላው አድርገው፣ ተቀምጠው ከበቡት። ከበባው በረዘመ ጊዜ ነፋስ መጣ። ነፋሱም ተንኮለኛ ጠላት ስለሆነ በፊት በኩል አልመጣም። ጌታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት የሰውን ፊት ነው፤ ከኋላ ጦር ይመጣል ብለው አልጠበቁም። በተተረተረው ኮት ገብቶ በአከርካሪያቸው ላይ ወጣ ወረደ። እርሳቸው ግን ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ አልተነሡም፤ ምክንያቱም ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር የሚታያቸው ልጃቸው ቬሎዋን በሁለት እጅ ሰብስባ፣ ግራና ቀኝ አይታ፣ መንገዱን ስትሻገር ነበር።

በሠራዊቱ ውስጥ ግን ጉርምርምታ ተነሣ። የብርሃኑ ጃንጥላ ከእጁ አምልጦ ወደ ሸለቆው ስለበረረ ፀጉር አስተካካዩ «እኔ የተሾምኩት በጃንጥላ ላይ ነው፤ ግዛቴ በረረ፣ ከእንግዲህ ተራ ሰው ነኝ፣ ተራ ሰው ደግሞ ቤቱ ይገባል» ሲል አወጀ። እመ ቤት ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ተራራው አልነሣም ካለ እግሩ ላይ ወድቀን አንለምነውም። እግሬን ካጣሁት ቆይቻለሁ፤ ጫማዬ ውስጥ ያለው የማን እግር እንደሆነ እኔ እንጃ» አሉ። በዚህ ጊዜ ባለ ቫኑ ብልሃት አገኘና ምርኮኛውን ሸራ ከቫኑ አውርዶ በሁለት ጥድ መሐል ወጠረው። ሁሉም ከእውነተኛው ተራራ ሸሽተው ከተሣለው ተራራ ሥር ተጠለሉ፤ ዳክዬዋም ነፋሱን በደረቷ ተቀበለችላቸው። እንቁላሉንም በዚያ ላጡ።

ልጂቱ ከሸራው ጠርዝ ብቅ ብላ የአባቷን ጀርባ አየች። ያን ኮት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ከኋላው ሆና ግን አይታው አታውቅም ነበር። ሸሚዛቸው ረጥቦ ከጀርባቸው ተጣብቋል፤ መቆንጠጫዎቹም አመዳይ ይዘዋል። ተነሥታ ሄደች፣ ስካርፏን ከአንገቷ ፈትታ በተተረተረው በኩል አስገብታ ጠቀጠቀች፣ መቆንጠጫዎቹንም መልሳ አሰረች። ይህ በዐዋጅ አልተነገረም። ስትጨርስ ጌታችን ዞረው ሊያዩዋት ባሉ ጊዜ ግን ቶሎ ብላ «ብትታመም የምታበላሸው የኔን ሰርግ ነው» ስትል አስታወቀች።

ያን ጊዜ ጭጋጉ ተገፈፈ። ተራራው ከእግር እስከ ራሱ ነጭ ለብሶ፣ በእጥፋቱ ሁሉ ሰማያዊ ጥላ ቋጥሮ፣ ከሸለቆው ማዶ ቆመ። ሸራው ሥር የነበሩት እንቁላላቸውን እንደያዙ ወጡ። ጌታችን ወደ ካሜራው ጎንበስ አሉ። ጣታቸውም መጫኛው ላይ አረፈ። ግን አልተጫኑም፤ የተራራው ግራ ትከሻ ዝቅ ብሎ ነበርና፣ እጃቸውን ዘርግተው በአዳራሻቸው ድምፅ አወጁ፤ «ቀና። ትከሻ እኩል። አገጭ ዝቅ። እንዳትጨፍን።»

ከዚያም እስኪስተካከል ጠበቁ።

ጭጋጉ ከሸለቆው እንደገና ይወጣ ጀመር። ባለ ቫኑ «ጋሼ፣ እሱ አይሰማም፣ በናትዎ ይጫኑት» ሲል የልመና ዐዋጅ አወጣ። ጌታችን ግን ማንንም ጠማማ አንሥተው አያውቁም። የጭጋጉ ጫፍ የተራራውን ግርጌ ሲነካ የተራራው አናት ትንሽ ዝቅ ያለ መሰላቸው፤ «እንደሱ» አሉና ተጫኑ። ብልጭታው በራ። በአየር ላይ የነበረውን የበረዶ ብናኝ ሁሉ አበራው፤ ከተራራው ይድረስ አይድረስ ታሪክ ጸሐፊው አልመረመረም። ወዲያውም ሁሉ ነገር ተመልሶ ተዘጋ። ልጂቱ መውጣቱን በመስኮቱ እንዲያዩ አሳሰበች፤ ጌታችንም «የተነሣ ተነሥቷል» ብለው ካሜራውን ከቦርሳው ከተቱ።

የመልሱ ጉዞ የድል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ከቫኑ ውስጥ ሆኖ በስልክ ነጋሪቱን ስለጎሰመ፣ ሠራዊቱ ገና ከተማ ሳይገባ ሰፈሩ ተራራው ምን ያህል እንደሚረዝምና ጌታችን ከየትኛው ገደል ሊወድቁ እንደነበር ያውቅ ነበር። በማግስቱ ፎቶው ወደ ማተሚያ ቤት ተላከ። ማተሚያ ቤቱም «ይሄ ነገር ባዶ ነው፣ ወይስ እንዲህ ነው?» የሚል ቃል ላከ። ጌታችን ይህን የጥጋብ ጥያቄ አድርገው ወሰዱትና «እንዲሁ እንዳለ፣ በትልቁ» ሲሉ አዘዙ።

ተራራው የሚሰቀልበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ በአዳራሹና በደጁ ተሰበሰበ። የማዶውም ሰው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ መጣ። ጌታችን ወንበር ላይ ወጡ፣ ጥቅሉን ከግድግዳው አናት አሰሩ፣ ገመዱን ለቀቁት። ተራራው ተዘርግቶ እስከ ወለሉ ወረደ።

ነጭ ነበር። ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች ነጭ። ለደብዛዛ ክፍል ተከፍቶ የታሸገው የካሜራ ዓይን የበረዶውን ብርሃን ያለ ልክ ጠጥቶ፣ ተራራውን፣ ሰማዩን፣ ጭጋጉን፣ ሰማያዊውን ጥላ አንድ ላይ ውጦታል። እንከን አልነበረበትም። ፀጉር አስተካካዩ አገልግሎቱን አልረሳምና «ክረምት እኮ እንዲህ ነው» ሲል አወጀ፤ ማንም አልተከተለውም። ጌታችን ከወንበሩ አልወረዱም። ገመዱን እንደያዙ ነጩን አዩት፤ ከሕዝቡም ወደ አንዱም ፊት ማየት አልቻሉም፣ ፊት ማየት ሥራቸው ሆኖ ሳለ።

የማዶው ሰው ስልኩን አወጣ። ነጩንና ወንበር ላይ የቆሙትን ጌታችንን አንድ ላይ ሊያነሣ ወደ ላይ አቅንቶ፣ «ይቺን ለሙሽሮቼ አሳያታለሁ፤ ተራራውን ያየ ሰው ካለ ይጥራኝ» ብሎ አወጀ።

ያን ጊዜ ልጂቱ በስልኩና በአባቷ መሐል ገባች፤ ይህንንም አወጀች፤ «ስልክህን ክተት። በአባቴ የሚሳቅ ከሆነ እኔ እስቃለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የቻልኩት እኔ ነኝ። አንተ በየትኛው ዝምድና ነው የምትስቀው?» ወደ ሕዝቡም ዞራ፦ «ዳክዬዋ ከቫኑ ትውረድ። ነጭ ቬሎ ለብሼ እዚህ ነጭ ላይ ከቆምኩ ከኔ የሚቀረው ጭንቅላትና ሁለት እጅ ነው። የምነሣው ዳክዬዋ ፊት ነው። ቢያንስ እሷ ነፋስ ታስጥላለች፤ የዚህኛው ተራራ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም» አለች። ያለችውም በጣቷ ወደ ማዶ እየጠቆመች ነው። የማዶው ሰው ስልኩን ከተተ።

ሰርጉም ደረሰ። ዳክዬዋ ከዘመቻው የተመለሰችው አንገቷን ጨርሳ አጥታ ነበር፤ የቀረውን ቀለም ያ ነፋስ ልጦታል። ጌታችን ግን የሚያውቁትን ያውቃሉ። ልጃቸውን ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ አስኬዱ፣ እቅፍ አበባዋን ትንሽ ከፍ አስደረጉ፣ አበባውም ልክ በጠፋው አንገት ላይ ተቀመጠ። አገጭ ዝቅ አሉ፤ አንድ ጊዜ አበሩ፤ መስኮቱን አላዩም።

ነጩም ቢሆን በከንቱ አልቀረም። ከጽሕፈት ቤቱ ፎቶ የተመለሰባት አንዲት ነርስ በነጩ ፊት ተነሥታ ሄደች፤ የጽሕፈት ቤቱም ሹም ፎቶውን ወደ መብራት አቅንቶ ጥላ ፈልጎ አጣ፣ ማኅተሙንም መታ። በከተማው ውስጥ ያን የመሰለ ነጭ አልነበረም፤ ግድግዳ ሁሉ ከእርሱ ጎን ግራጫ ነው። መንገዱን የተሻገረ ሁሉ ተመልሶ ተሻገረ፤ ሰልፉም የፀጉር ቤቱን በር አልፎ ሄደ።

አንድ ቀን ሊመሽ ሲል የማዶው ሰው ኮሌታውን ወደ ላይ አድርጎ መጣ። የንግድ ፈቃዱን ሊያሳድስ ጉርድ ቢያስገባ ጀርባህ ጥላ አለው እየተባለ ደጋግሞ ተመልሶበት ነበር። ጌታችን ልብሰ መንግሥቱን አለበሱት፣ ከኋላው ገብተው መቆንጠጫውን አሰሩለት፣ በምትሽከረከረው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ውጭው ክረምት ነበር፤ በሩም ከኋላው በስተጎን ነበር። ጌታችን በሩን ክፍት ተዉት፣ ነፋሱም መንገዱን ያውቅ ስለነበር ገባ። ከዚያም ትከሻውን እስኪያቀና፣ አገጩንም ዝቅ እስኪያደርግ፣ ሳይቸኩሉ ጠበቁት።

እንግዲህ ለአባ ብልጭታ፣ ሞዓ ጨለማ ወጭጋግ፣ ክብርና ሞገስ ይሁን። ሌሎች ተራራ አንሥተው በግድግዳ ይሰቅላሉ፤ እርሳቸው ግን ተራራን ለሕዝባቸው አከፋፈሉ። ዛሬ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ነርሷም፣ ባለ ቫኑም፣ የማዶውም ሰው ሳይቀር፣ በኪሱ መታወቂያ አለው፤ በመታወቂያውም ላይ ከጆሮው ኋላ ያለው ያ ነጭ፣ ማንም ባያውቀው፣ ከሸለቆው ማዶ የሚቆመው ተራራ ነው፣ ለጌታችን ቃል ታዝዞ፣ ትከሻው እኩል፣ አገጩ ዝቅ፣ ዓይኑም ያልተጨፈነ።